መቶ አምስት በእማማ ዳዊት

ነገሩ የጀመረው በቀይ እስክሪብቶ ነው። ልጄ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ እዚህ በቤት ስሟ ሚሚ እንበላት። ደብተሯን ገለጥ ሳደርግ በቃል የተጠሩ ቁጥሮችን በአኃዝ የጻፉበት ገጽ አገኘሁ። መቶ አምስት ተብሏል፤ ሚሚ 1005 ብላለች። መቶ ሃያ ሦስት ተብሏል፤ ሚሚ 100203 ብላለች። ከአስሩ ሰባቱ ኤክስ። ከሥሩ «ትኩረት ይጎድላታል፣ ቤት ውስጥ ትታገዝ» የሚል ማስታወሻ አለ።

አገዝኳት። ማገዝ ከተባለ። የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት ትልቅ ፖስተር ገዝቼ አልጋዋ ራስጌ ለጠፍኩ። ማታ ከእራት በፊት አስቀምጬ «መቶ አምስት ስንት ዜሮ አለው? አንድ! ስንቴ ልንገርሽ?» እያልኩ እጮኻለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሒሳብ ባለበት ቀን ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማት ጀመር። እያስመሰለች አልነበረም። እኔ ራሴ ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የተፈተንኩ ጊዜ ለሒሳቡ ቀን እንደዚሁ አሞኛል። ቤትና መሬት ባላወርሳትም ይህንን አውርሻት ኖሯል።

ያዳነችን እናቴ ናት። ልጆቼ «እማማ» ይሏታል፤ የምትኖረው ከእኛው ጋር ነው። እማማ ዘመናዊ ትምህርት አልተማረችም። ፊደልና የግዕዝ ቁጥር ግን ከቄስ ትምህርት ቤት ቀርቶላታል፤ ዳዊቷን በየቀኑ ትደግማለች። አንድ ማታ እኔ ስጮህ ሚሚ ስታለቅስ መነጽሯን አድርጋ ደብተሩን ተቀበለችኝ። 1005ን አየችው። «ምን አጠፋች?» አለች። «መቶ ጻፈች። አምስት ጻፈች። መቶ አምስት አልተባለችም?»

ልመልስላት አፌን ስከፍት ዳዊቷን ገልጣ አሳየችኝ። የመዝሙሩ ቁጥር ፻፭ ይላል። ፻ መቶ ነው፣ ፭ አምስት ነው። ገጾቹን ገፋ አድርጋ ፻፳፫ን አሳየችኝ። መቶ፣ ሃያ፣ ሦስት። ልክ እንደሚነገረው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ለመቶ የራሱ ምልክት አለው፣ ለሃያም የራሱ፣ ለሦስትም የራሱ። እየሰማህ በተርታ መጻፍ ነው።

ደነገጥኩ። ልጄ ትኩረት ጎድሏት አልነበረም። እንዲያውም በጣም አተኩራ የሰማችውን አንድ በአንድ ጽፋለች። የጻፈችው ግን በእማማ ሥርዓት ነው፤ የታረመችው በሌላው።

ለሚሚ ይህን ስነግራት መጀመሪያ ያደረገችው መሳቅ ነው። «ስለዚህ እኔ በግዕዝ ጎበዝ ነኝ?» ሒሳብ በሚባል ነገር ስትስቅ ያየኋት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ፖስተሩን በማግስቱ አነሳሁት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሊሆን ነው። በነዚህ ዓመታት ቤታችን ውስጥ የሠራንውን ልንገራችሁ፤ የከሸፈውንም ጭምር።

መጀመሪያ ዜሮን ማስታረቅ ነበረብን። ከብስኩት ካርቶን ካርዶች ቆረጥን። 100 የተጻፈበት ረጅም፣ 20 የተጻፈበት የእሱ ሁለት ሦስተኛ፣ 3 የተጻፈበት ደግሞ አጭር። መቶ ሃያ ሦስት ሲባል ሦስቱን ካርዶች በቀኝ ጫፋቸው ገጥማ ትደራርባቸዋለች። ሃያው የመቶን ሁለት ዜሮዎች ይሸፍናል፣ ሦስቱ ደግሞ የሃያን ዜሮ ይሸፍናል። የሚታየው 123 ነው። መቶ አምስት ሲባል አምስቱ የመጨረሻዋን ዜሮ ብቻ ይሸፍናል፤ የመሃሏ ዜሮ ቁጭ እንዳለች ትቀራለች።

«እሷ ለምን አልተነሳችም?» አለች ሚሚ።

«ሠርግ ቤት ወንበር ላይ ነጠላ አስቀምጠው ‹ሰው አለው› ሲሉ አላየሽም? ዜሮ ያች ነጠላ ናት። ባለቤቱ ሲመጣ ትነሳለች። እዚህ አሥር ቤት ማንም አልመጣም።»

ይህች ነገር ተጣበቀች። አሁንም ድረስ ቤታችን ውስጥ የዜሮ ስም «ሰው አለው» ነው። አንድ ሺህ አምስት ስትጽፍ «አንድ፣ ሰው አለው፣ ሰው አለው፣ አምስት» ትላለች። ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ ብላው ጓደኞቿ ስቀው እንደነበር ነግራኛለች። መምህሯም ሳይስቅ አልቀረም።

ቀጥሎ የመጣው የሎሚው ጉዳይ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሆና አማርኛ ላይ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተማሩ። ማታ መጥታ «እማዬ፣ ሃምሳ ሎሚ ስንት ኪሎ ነው?» አለችኝ። «ምሳሌ ነው እንጂ ኪሎ አይጠየቅም» ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያልኩት ግን «እኔ እንጃ፤ ገምቺ» ነው።

ለፋሲካ ዶሮ ማጠቢያ ሎሚ መግዛታችን አልቀረም። ጉሊት ወርደን አንዱን መደብ ስናነሳ አሥር ፍሬ ሆነ። ሱቅ ሄደን ባለሱቁን ለምነን አስመዘንን። 400 ግራም። ሚሚ ማባዛት አልፈለገችም። አምስት ጣቷን አንድ በአንድ እያጠፈች «አራት መቶ፣ ስምንት መቶ፣ ሺህ ሁለት መቶ፣ ሺህ ስድስት መቶ፣ ሁለት ሺህ» አለች። ሁለት ኪሎ። ከዚያ ቆጣ ብላ፦ «እኔ ሁለት ኪሎ ስኳር ከዚሁ ሱቅ ይዤ እመጣ የለ? ይሄ ምኑ ነው ሸክም?»

ባለሱቁ ሚዛኑን ትቶ ሳቀ። እኔም መልስ አልነበረኝም። መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስኳሩን የምታመጣው በፌስታል ነው። ያለ ፌስታልስ?

ሃምሳውንም ገዛን። (ያ ሳምንት ሎሚ ረክሶ ነበር፤ በውድ ሰሞን አልመክርም።) ሳሎን መሃል ዘረገፍነው። ሕጉ፦ ከመሞከር በፊት ሁሉም ይገምታል፣ ግምቱን ወረቀት ላይ ይጽፋል። ሚሚ 20 እይዛለሁ አለች፤ ስድስት ያዘች። እኔ 15 ገምቼ 11 ላይ ተበተነብኝ። ትንሹ ወንድሟ ማሙሽ ሁለት በእጁ፣ አንድ በአፉ። እማማ ተራዋ ሲደርስ ነጠላዋን ዘርግታ ሃምሳውንም ጠቅልላ ተነሳች።

«አይቻልም! ተረቱ ነጠላ አይልም!» ሚሚ እየዘለለች።

«ነጠላ አትልበሺም አይልም» አለች እማማ።

ከዚያ እስከ እራት ስንከራከር ቆየን። ሸክም ማለት ኪሎ ነው ወይስ አያያዝ? ይህን ክርክር ያስነሳሁት እኔ ብሆን ኖሮ ትምህርት ይሆንብኝ ነበር። የእሷ ጥያቄ ስለሆነ ጨዋታ ሆነ። ሎሚው መጨረሻ ላይ ለኮንዶሚኒየማችን ልጆች ታደለ። 12 ነበሩ። አራት አራት ደረሳቸው፣ ሁለት ተረፈ። ለሁለቱ ሲጣሉ ሚሚ «ቀሪው የእማማ ነው» ብላ ፈረደች። ትምህርት ቤት ማካፈል ላይ «ቀሪ» የሚባለው ነገር ሲመጣ ለእሷ አዲስ አልነበረም።

ስለ ግምቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉም የጠቀመን እሱ ይመስለኛል። መጀመሪያ የቀረበ ግምት ያመጣ ያሸንፍ ነበር። ሚሚ ለመሳሳት ስለምትፈራ የእኔን ግምት ሰምታ በአንድ ብቻ ለውጣ ትጽፍ ጀመር። ሕጉን ገለበጥነው። ከሁሉ የራቀ ግምት የጻፈ ሰው ለቀጣዩ ዙር ዳኛ ይሆናል፤ ፊሽካ ይነፋል፣ ሁላችንንም ያዛል። በአንድ ጊዜ መሳሳት ሹመት ሆነ። አንዳንዴ ሆን ብላ «አንድ ሚሊዮን» ትላለች ዳኛ ለመሆን። ትበል። ሳታስበው ሁለቱንም ታውቃለች፤ ልክ የሚመስለውንም፣ የማይመስለውንም።

ገበጣን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የሁለት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ አራት ፍሬ፤ በድምሩ 48። ሰሌዳ ስለሌለን የእንቁላል ትሪ ቆርጠን 12 ጉድጓድ አወጣን። ፍሬው ሽምብራ ነበር። ለአንድ ሳምንት ጥሩ ሄደ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጨዋታ ልንጀምር ሚሚ ስታድል መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሦስት ብቻ ቀረ።

«አንድ ጎድሏል» አለች። እንደገና ቆጠረች። «47 ነው። 48 መሆን ነበረበት።»

ምንጣፉን አነሳን፣ ሶፋ ሥር አየን። የለም። ማሙሽ ጥግ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ይዟል። ያኔ ሦስት ዓመቱ ነው።

ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ሽምብራ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣልና ቶሎ መምጣታችን ደግ ሆነ፤ ሐኪሟ በአንዲት ቀጭን መሣሪያ ወዲያው አወጣችለት። ሚሚ ሽምብራዋን በሶፍት ጠቅልላ ይዛ ተመለሰች። «48» አለች ታክሲ ውስጥ። ጎን ያለው ተሳፋሪ ምን እንደሆነ ሊገባው አልቻለም።

ስለዚህ ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ሽምብራም፣ ባቄላም፣ ትንንሽ ጠጠርም ይተው። እኛ ወደ ጠርሙስ ቆርኪ ዞርን። የእንቁላል ትሪው ስለማይችለው ጉድጓዱን ወለል ላይ በጠመኔ በተሣለ ክብ ተካነው። ቆርኪ ለሌላም ይጠቅማል። ሰባት በስምንት ደርድሩት፤ ልጁን ከሌላው ጎን አስቀምጡት። እናንተ ሰባት በስምንት ስትሉ እሱ ስምንት በሰባት ይላል፤ ቆርኪው ያው ነው። ከማባዣ ሰንጠረዡ ግማሹ የሌላው ግማሽ ግልባጭ መሆኑን ሚሚ በዚህ ነው የደረሰችበት። «ታዲያ ለምን ሁለቴ ያስጠኑናል?» ብላኛለች። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ገበጣ ላይ አንድ ምክር አለኝ። እያወቃችሁ አትሸነፉላቸው። ልጅ ያውቃል። እኔ ለሁለት ወር ያህል በእውነት አሸነፍኳት፤ ከዚያ አንድ ቀን ጉድጓዶቹን ሳትነካ በዓይኗ ብቻ እስከ መጨረሻው ፍሬ ቆጥራ አየችና «ከዚህ ከተነሳሁ ያንቺ ባዶ ይሆናል» አለችኝ። ሆነም። በእውነት ተሸነፍኩ። ደስታዋን ብታዩ።

ክብ ነገር ላይ ደግሞ የከረምነው በምጣድ ነው። እማማ እንጀራ ጋግራ ምጣዱ ሲበርድ ሚሚን ጠራኋትና ክር ሰጠኋት። የምጣዱን መሃል ለመሃል ስፋት በክር ለክታ ቆረጠች። ከዚያ በዚያው ክር ዙሪያውን መለካት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እና ትንሽ ትርፍ። በሰፌዱ ሞከረች፤ ለሰፌዱ የራሱን ክር ቆርጣ። ሦስት እና ትንሽ። የድስት ክዳን። ሦስት እና ትንሽ። ስኒ። የወተት ጣሳ። ሦስት እና ትንሽ።

«ክሩን እየሳብሽው ነው» አለችኝ ተጠራጥራ። ራሷ ይዛ ሞከረች። ያው። ሚሚ ማመን አቃታት፤ ስኒና ምጣድ ምን አገናኛቸው?

«ትንሿ» ስንት ናት የሚለውን ለማወቅ ክሩን አጣጠፍነው። ሰባት እኩል ቦታ ሲሆን ትርፏ ከአንዱ ጋር እኩል መሰለች። ሦስት ከአንድ ሰባተኛ። በትምህርት ቤት ፓይ ብለን 22 ለ 7 እያልን የሸመደድነው ይኸው ነው። እኔ በ37 ዓመቴ ከየት እንደመጣ ያየሁት ኩሽና ውስጥ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ አርኪሜዲስ ከ2200 ዓመት በፊት ትርፏ ከአንድ ሰባተኛ በጥቂቱ እንደምታንስ አረጋግጦ ነበር፤ እሱ ክር ሳይሆን 96 ጎን ያለው ቅርጽ ተጠቅሟል። በእኛ ክር ልዩነቷ አትታይም።

የሳቁ ክፍል ከዚያ ቀጠለ። የምጣዳችን ስፋት 58 ሳንቲሜትር ነው። ዙሪያውን የዞረውን ክር ዘርግተን ስንለካው 182 ሆነ። እኔ 162 ነኝ። ሚሚ ክሩን አናቴ ላይ አድርጋ ወደ ታች ለቀቀችው፤ ወለል ላይ ተጠቀለለ። «እማዬ ከእንጀራ ታንሻለሽ!» ማንም አያምንም፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ክሩን እያወጣች ታወራርዳለች። እስካሁን ሁሉም ይሸነፋል። እናንተም ቤት ሞክሩት። መጀመሪያ ግን አስገምቱ።

ድፎ ዳቦው ላይ እማማን አስቆጥተናታል። ጥያቄው «ድፎ ዳቦ በአራት ቁርጥ ቢበዛ ስንት ቁራሽ ይወጣዋል?» ነው። ቀጥ ያለ ቁርጥ ብቻ፣ መደራረብ የለም። ሁሉም ሰው ስምንት ይላል፤ መሃሉን እያለፉ ስለሚቆርጡ። መጀመሪያ በወረቀት ክብ ሞከርነው። አንድ ቁርጥ ሁለት፣ ሁለት ቁርጥ አራት። ሦስተኛውን በመሃል ካላሳለፋችሁት ሰባት ይወጣል። አራተኛው የቀደሙትን ሦስቱንም ቁርጦች በተለያየ ቦታ ካቋረጠ 11። ሚሚ የጭማሪውን ነገር ያየችው ብቻዋን ነው። «መጀመሪያ አንድ ጨመረ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት። ቀጥሎ 16 ነው።» አምስተኛ ቁርጥ ሳትሞክር።

ለፋሲካ ቁርስ በእውነተኛ ዳቦ ላይ ደገምነው። 11 ቁራሽ ወጣ፤ አንዱ የጣት ጥፍር ታክላለች፣ ሌላው የእጅ መዳፍ። እማማ «ዳቦ እንዲህ ይቆረሳል? ባርኩት አልኳችሁ እንጂ ፍለጡት አልኩ?» አለች። ማሙሽ ትንሿ ቁራሽ ደርሳው አለቀሰ። ስለ ፍትሐዊ ክፍፍል ያወራነው በሱ እንባ ምክንያት ነው።

አራተኛ ክፍል ባለ ሁለት አኃዝ ማባዛት መጣ። የሚሚ ሆድ ሕመም አንድ ጠዋት ተመልሶ ብቅ አለ። እማማን ጠየቅናት፦ «13 ሰው 24 24 ብር ቢያዋጣ ስንት ይሆናል?» እማማ እጥፍ እያደረገች ነው የምትሄደው። «የአንድ ሰው 24። የሁለት ሰው 48። የአራት ሰው 96። የስምንት ሰው 192። ስምንት፣ አራትና አንድ ሰው ሲደመር 13 ሰው አይደል? 192፣ 96ና 24ን ደምሪው።» 312። ወረቀት የለ፣ ሰንጠረዥ የለ። ማጠፍና መደመር የሚችል ሰው ሁሉ ማባዛት ይችላል።

ይህ አካሄድ በውጭ የሒሳብ መጻሕፍት አንዳንዴ «የኢትዮጵያ ማባዣ»፣ አንዳንዴ «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ» ይባላል። ጥንታዊ ግብጻውያንም ከ3500 ዓመት በፊት በተጻፈ ፓፒረስ ላይ በእጥፍ ያባዙ እንደነበር ይታያል። የመጻሕፍቱ አቀራረብ እንዲህ ነው፤ በግራ በኩል 13ን ግማሽ እያደረጋችሁ ውረዱ፣ ትርፉን ጣሉ፤ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 24ን እጠፉ፤ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ጥንድ ቁጥር ያለበትን ረድፍ ሰርዙ፤ የቀረውን ቀኙን ደምሩ። ሚሚ የሚሰረዘውን ረድፍ «ልብሱን ለብሶ ዕቁቡን ያልከፈለ» ትለዋለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

አሁን የምትኮራበት ግን ቀን መናገሯ ነው። ሰኞ ማክሰኞ የሚባለውን ጨዋታ ሁላችንም ዘለናል። ሰባቱን ቤት በክብ ሣልንላትና የቀኖቹን ስም ጻፍንባቸው። ከጳጉሜ በቀር ወሮቻችን 30 ቀን ናቸው። ሠላሳ ለሰባት ሲካፈል ሁለት ስለሚተርፍ እያንዳንዱ ወር ካለፈው ሁለት ቀን ገፍቶ ይገባል። በ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። ከሐሙስ ተነሥታ ለየወሩ ሁለት ሁለት ትዘላለች፤ ጥቅምት ቅዳሜ፣ ኅዳር ሰኞ፣ ታኅሣሥ ረቡዕ፣ ጥር ዓርብ፣ የካቲት እሑድ። የዓድዋ በዓል የካቲት 23 ነው። ከ1 እስከ 23 ድረስ 22 ዝላይ አለ፤ 21ዱ ሦስት ሙሉ ዙር ስለሆነ ዝም ብላ ትቆማለች፣ አንድ ትዘላለች። ሰኞ።

የሌላ ዓመት መስከረም 1ን ለማወቅ እማማ የባሕረ ሐሳብን ስሌት ነገረችን። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፤ 7518። ለአራት አካፍሉ፤ 1879 ደርሶ ሁለት ይተርፋል። ቀሪው ወንጌላዊውን ይነግራችኋል፤ አንድ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። 7518ና 1879ን ደምራችሁ ለሰባት አካፍሉ፤ ሦስት ይቀራል። አንድ ከቀረ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልቀረ ሰኞ። ሚሚ በዚህ የአጎቷን የልደት ቀን «ዓርብ ነው የተወለድከው» ስትለው ስልኩን አውጥቶ አረጋገጠና መቶ ብር ሸለማት። ያ ሽልማት ለሳምንት አበላሸብን። ከዚያ በኋላ ለማንም ቀን ከመናገሯ በፊት «ስንት ትሰጠኛለህ?» ማለት ጀመረች።

የከሸፉት እነዚህ ናቸው። ገንዘብና ከረሜላ፤ ሽልማቱ ሲቆም ጨዋታውም ቆመ። ሁለተኛው የእኔ አመል ነው። ጨዋታው ሞቅ ሲል ጣልቃ ገብቼ «እሺ፣ ታዲያ 7 በ8 ስንት ነው?» እላለሁ። ፊቷ ወዲያው ይጠቁራል። እማማ አንድ ቀን «ቡና እያፈላሽ ነው የምትፈትኚያት?» ብላኝ ተውኩ። ሦስተኛው የሳቁ ዓይነት ነው። ትልቁ የአክስቷ ልጅ ሊጠይቀን መጥቶ በስህተቷ ሲስቅባት ለሁለት ሳምንት ቆርኪ አልነካችም። ስህተቱን ማጫወቻ ስናደርገው ስህተቱ የእኛ የትልልቆቹ መሆን አለበት። እማማ ይህን ታውቅበታለች። አሥራ ሁለት ሰዎች ወፍጮ ቤት ሄደው ሲመለሱ፣ ቆጣሪው ሁሉ ራሱን እየረሳ አሥራ አንድ ነን እያሉ ለጠፋው ጓደኛቸው የሚያለቅሱበትን ተረት እያስመሰለች ትነግራቸዋለች። ማሙሽ «ራስህን! ራስህን ቁጠር!» እያለ ሊፈነዳ ይደርሳል።

ውጤቷን ለምትጠይቁኝ፣ ሚሚ ከክፍሏ አንደኛ አልወጣችም። መካከለኛ ናት። ሆዷን ግን አያማትም፤ ሒሳብ ያለበትን ቀን ከሌላው ቀን ለይቼ ማወቅ አልችልም። ለኔ የሚበቃኝ ይኸው ነው።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋና እንቆቅልሽ ይዘን ነበር።

«እንቆቅልሽ» አለች ሚሚ።

«ምን አውቅልሽ።»

«አምስት ሎሚ ለአምስት ልጅ ታደለ። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ደረሰው። ፌስታሉ ውስጥ ግን አንድ ሎሚ አለ። እንዴት?»

አሰብኩ። «ሎሚው ስድስት ነበር?»

«አምስት።»

«አንዱ ልጅ ግማሽ ነው የወሰደው?»

«አንድ አንድ አልኩሽ።»

በልቤ ማካፈል ጀመርኩ። አምስት ለአምስት አንድ፣ ቀሪ የለም። በጨለማው ውስጥ እማማ ስትስቅ ይሰማኛል፤ እሷ ገብቷታል።

«ሀገር ስጪኝ» አለች ሚሚ።

«ጎንደርን ሰጠሁሽ።»

«ጎንደር ሄጄ፣ ምን አጥቼ፣ ጮማ በልቼ፣ ጠጅ ጠጥቼ!» እማማ ያስተማረቻት ነው። «የመጨረሻው ልጅ ሎሚውን ከነፌስታሉ ነው የወሰደው። አንቺ ግን እዚሁ ቁጭ ብለሽ ስታካፍዪ እደሪ።»